በሰው ገንዘብ መማር

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 መጀመሪያ ላይ ያለውን ምሳሌ በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሰው ወድዶ ሲመርጠው አይቼ አላውቅም። ስለ ጠፋው ልጅ የሚናገረው ምዕራፍ 15 በተደጋጋሚ ይጠናል። ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር የሚናገረው የምዕራፍ 16 መጨረሻም ይሰበካል። በመካከላቸው ያለው መጋቢ ግን ይዘለላል። ሰውየው የጌታውን ንብረት ያባክናል ተብሎ ተከሰሰ፤ ከሥራው መውጣቱ እንደማይቀር ሲያውቅ የጌታውን ባለዕዳዎች አንድ በአንድ ጠርቶ የመቶ ማድጋ ዘይት ዕዳ የነበረበትን በአምሳ አስጻፈው፣ የመቶ ጫን ስንዴ ዕዳ የነበረበትን ወደ ሰማንያ አወረደለት። በመጨረሻም ጌታው አመሰገነው። እዚህ ላይ ሲደረስ የጥናቱ መሪ ጉሮሮውን ይጠራርግና «ይህ ስለ ብልሃት የተነገረ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ምስጋናው ሳይሆን ባለዕዳዎቹ ናቸው። አምሳ ማድጋ ዘይት የተቀነሰለት ሰው በዚያ ምሽት ቤቱ ገብቶ ምን ብሎ ጸለየ? «ምሕረት አገኘሁ» ብሎ አመስግኖ ይሆናል። ግን ማን ማረው? መጋቢው ከገዛ ማድጋው አንዲት ጠብታ አላወጣም። ዘይቱ የወጣው በዚያች ሰዓት እዚያ ካልነበረ ሰው ጎተራ ነው።

የእኔ ባልሆነ ገንዘብ ሰውን መማር እችላለሁ? አማርኛ «መማር» የሚለውን ቃል ለይቅርታም ለትምህርትም መስጠቱ ለዚህ ጽሑፍ ተመችቶኛል፤ ምክንያቱም ይህን ጥያቄ ያገኘሁት በሰው ገንዘብ በተማርኩበት ዓመት ነው።

በአካውንትስና ባጀት ሰርቪስ የደረጃ 4 ሠልጣኝ ነበርኩ። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት «የትብብር ሥልጠና» የሚባል አሠራር አለ፤ ሐሳቡ ሠልጣኙ 70 በመቶውን ጊዜ በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ እንዲያሳልፍ ነው። ብዙ ጓደኞቼ ይህን ዕድል አላገኙም። ቦታ ያጣ አለ፣ ቦታ አግኝቶም ዓመቱን ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ የጨረሰ አለ። እኔ ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ዓመት ሙሉ በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ውስጥ፣ በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ሠራሁ። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹንም እንዲሁ። ከተማችን ትንሽ ናት፣ የምናገረውም ነገር የሰው ገመና ይነካል።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ልንገረው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራዬ ደረሰኝ በተራ ቁጥር መደርደርና የቁጠባ ደብተርን ከሌጀር ጋር ማመሳከር ነበር። ከሰዓት በኋላ በሩ ተዘግቶ ገንዘብ ያዧ የእጇን ካሽ ትቆጥራለች። አምስት ብር ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አምስት ብር ከበለጠም እንዲሁ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ገንዘብ ያዧ «የጎደለውን ከደመወዜ እተካዋለሁ፤ የበለጠው ግን አንድ ሰው ተጎድቶ ሄዷል ማለት ነው፣ እሱን ከየት አመጣዋለሁ?» አለችኝ። ስብከት ልትሰብከኝ አልነበረም፤ ቸኩላ፣ ብር እየቆጠረች ነው የተናገረችው። እኔ ግን ስለ ቅን ሚዛን ከሰማኋቸው ትምህርቶች ሁሉ ይህኛው ነው ከውስጤ የቀረው።

በየሳምንቱ ከላንቴ ሙዝ ይዘው የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ። ሙዙን ሸጠው ከጨረሱ በኋላ ወደ እኛ ገብተው መቶም ሁለት መቶም ይቆጥባሉ። ማንበብ ስለማይችሉ ደብተራቸውን ዘርግቼ አነብላቸዋለሁ። «ስንት ደረሰ?» ይላሉ። እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያስከትላሉ፤ «እዚሁ አለ?» ያሉት ብር እዚያ ካዝና ውስጥ፣ እሳቸው ባስቀመጡበት ቦታ፣ እንዳለ መስማት ይፈልጋሉ። እውነቱን ለመናገር እዚያ አልነበረም። ብሩ ያን ጊዜ በአንዲት እናት ትከሻ ላይ የድርና የማግ እስር ሆኖ ወደ ጨንቻ ዳገት እየወጣ ነበር፤ ወይም ማንጎ ሆኖ መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ሶዶ እየሄደ ነበር። እኔም «አለ፣ አባባ፤ እየሠራ ነው» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ገንዘብ ይሠራል የሚለው ነገር ያስቃቸው ነበር፤ ሲሠራ ያዩት እጃቸውን እንጂ ብራቸውን አይደለም።

የሙዝ ገበሬውን ብር ለድር ነጋዴዋ የሚያደርሰው መንገድ በአገራችን ረጅም ታሪክ የለውም። የአነስተኛ ብድር ተቋማትን ሥራ የሚፈቅደው የመጀመሪያው አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 40፣ የወጣው በ1988 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ኦሞ ማይክሮፋይናንስ ያሉ ተቋማት በደቡብ ተስፋፉ፤ ኦሞም ዛሬ ባንክ ሆኗል። ሐሳቡ ግን ከባንግላዴሽ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሙሐመድ ዩኑስ የተባለው የኢኮኖሚክስ መምህር ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ሰዎች ከኪሱ 27 ዶላር አበደረ። ከኪሱ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ወደዚህ እመለሳለሁ። በኋላ ግራሚን ባንክ ሲቋቋም፣ መያዣ የሌለው ድሃ በጎረቤቱ ዋስትና የሚበደርበት የቡድን ብድር በዓለም ታወቀ። በእኛም አገር መሬት ስለማይሸጥ ገበሬው መሬቱን ሸጦ ዕዳ ሊከፍል አይችልም። ስለዚህ ድሃው የሚያስይዘው ስሙን ነው። አምስት ሰዎች ተሰባስበው ይበደራሉ፤ አንዷ ካልከፈለች አራቱ ይከፍላሉ፤ አንዷ ካዘገየች የአምስቱም ቀጣይ ብድር ወደ ኋላ ይገፋል።

በሐምሌ ወር መጨረሻ ከእንዲህ ዓይነት ቡድን አንዲት እናት የወሩን ክፍያ ቀኑን አሳልፋ ይዛ መጣች። ልጇ ታሞባት ሆስፒታል ነበረች። ቡድኑን የሚከታተሉት የብድር ባለሙያ ከእኔ በሃያ ዓመት የሚበልጡ፣ ጋሼ የምላቸው፣ የጸሎት ሰው ናቸው። እናትየዋን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወደ እኔ ዘወር ብለው ዝግ ባለ ድምፅ «ደረሰኙን በ22 ቀን ጻፊው» አሉኝ። ክፍያው በጊዜው እንደ ገባ እንዲታይ ማለታቸው ነው። እንዲያ ከሆነ 180 ብር ቅጣት አይኖርም፣ የቡድኑም መዝገብ ንጹሕ ይሆናል፣ አምስቱም ሴቶች ከመስቀል በፊት አዲሱን ብድር ይወስዳሉ። ጋሞ ውስጥ ላደገ ሰው ከመስቀል በፊትና ከመስቀል በኋላ የሚገኝ ብር አንድ እንዳልሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ቅቤው፣ ሥጋው፣ አዲስ ልብሱ፣ የዓመቱ ትልቅ ገበያ ሁሉ በእነዚያ ሳምንታት ነው።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ አይፈቅድም» አልኳቸው። ደረሰኞቹ ተከታታይ ቁጥር ታትሞባቸዋል፤ ተራው የደረሰው ደረሰኝ ቀኑ ወደ ኋላ ቢጻፍ በማግስቱ ኦዲተር ያየዋል። እሳቸውም «ልጄ፣ ወረቀት ለሰው እንጂ ሰው ለወረቀት አልተፈጠረም» አሉኝ። ይህን ሲሉ ጌታ ስለ ሰንበት የተናገረውን እያስታወሱ እንደነበር ገባኝ፤ መልስም አጣሁ። ደረሰኙን ግን በዕለቱ ቀን ጻፍኩት። ጀግንነት አልነበረም፤ የደረሰኙ ተራ ቁጥር ነው ያዳነኝ።

ጋሼ አልተቆጡኝም። ጉዳዩን ለሥራ አስኪያጁ ይዘው ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ቅጣት ማንሳት በሥልጣናቸው ሥር እንዳልሆነ ተናግረው፣ አምስቱ ሴቶች ተጠርተው እንዲነጋገሩ አደረጉ። ግቢው ውስጥ ካለችው ማንጎ ሥር ተቀመጡ። እናትየዋ የልጇን ሕመም፣ ለመድኃኒት የተበደረችውን፣ ሸጣ የጨረሰችውን ሁሉ በአራት ሴቶችና በአንዲት ተለማማጅ ፊት ዘረዘረች። አራቱ ሴቶች 45፣ 45 ብር አዋጥተው ቅጣቱን ከፈሉላት። ቀጣዩ ብድር ግን መዘግየቱ አልቀረም። ከአራቱ አንዷ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ብሯን ስትሰጥ እንዲህ አለች፦ «የከፈልኩት አፍሬ ነው፤ ልቤ ገና አልከፈለም። የመስቀል ገበያ አምልጦኛል።»

ይህን ታሪክ ስናገር የሚሰሙኝ ሁሉ በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዱ «ጋሼ ናቸው ትክክል፤ ተቋሙ 180 ብር ባያገኝ ምን ይሆናል?» ይላል። ሌላው «ሕግ ሕግ ነው» ይላል። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም፤ ምክንያቱም ሁለቱም አንድ ሰው ረስተዋል። የመጀመሪያው ተቋሙ የሚባል ሀብታም፣ ፊት የሌለው፣ የማይታመም ሰው ያለ ይመስለዋል። ተቋም ግን ከካዝናውና ከማኅተሙ ሌላ የራሱ የሆነ ብዙ ነገር የለውም፤ ያለው የላንቴው ሽማግሌ ብር ነው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ይህን ሲያነብ «ለማይመለስ ብድር መጠባበቂያ ይያዝ የለም እንዴ?» ይለኝ ይሆናል። አዎን፣ ይያዛል። መጠባበቂያውም የሚያዘው ከዚያው ነው።

በዚሁ ዓመት መጋቢት ላይ አገሪቱ በሙሉ ይህን ጥያቄ በሌላ መልክ አየችው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ወሬው በሌሊት ተዳረሰ፤ በኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። በኋላ ባንኩ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታወቀ። ፕሬዚዳንቱ አቶ አቤ ሳኖ በፈቃዳቸው የመለሱ ተማሪዎች በወንጀል እንደማይጠየቁ ተናገሩ፤ ሳይመልሱ የቆዩትን ደግሞ ባንኩ በስምና በፎቶ ለጠፋቸው። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። በሰልፉ ውስጥ የእኛ ኅብረቶች ልጆች አልነበሩም ብሎ የሚምል ካለ እኔ አልምልም። በዚያ ሰሞን የሰማሁት ንግግር አሁንም በጆሮዬ አለ፤ «የሰው ገንዘብ እኮ አይደለም፣ የባንክ ነው።»

ሌሊት ኤቲኤም ፊት የቆመው ተማሪና በምሕረት ዓይናቸው እንባ ያቀረረው ጋሼ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ልባቸው ሰማይና ምድር ነው። ሁለቱም ግን ባለቤቱ እዚያ ስላልቆመ ገንዘቡን ባለቤት የሌለው አድርገው አይተውታል። እናትየዋ ፊት አላት፤ እንባዋ ይታያል። ሽማግሌው ያን ቀን ላንቴ ሙዛቸውን እያረሙ ነው። ዓይን ያየውን ብቻ የሚወድ ፍቅር ደግሞ ብዙ ጊዜ ካልታየው ሰው ይሰርቃል። ይህ የገንዘብ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፈተና ላይ ለጓደኛው የሚያሳይ ልጅም፣ ያላጠናውን «በርኅራኄ» የሚያሳልፍ መምህርም፣ ነገ በዚያ ባልተማረ ነርስ እጅ የምትገባዋን በሽተኛ አላያትም።

ሁለተኛዎቹም፣ ሕግ ሕግ ነው የሚሉት፣ ቶሎ ደስ አይበላቸው። መጽሐፍ ቅዱስ አበዳሪውን እንደ ንጹሕ ሰው አያየውም። በዘዳግም 24 ላይ የወፍጮ ድንጋይ በመያዣ መውሰድ ተከልክሏል፤ የሰውን መኖሪያ መያዝ ነውና። እኔ ይህን ሳነብ የዶርዜ ሸማኔ የሽመና ዕቃ ነው የሚታየኝ። እዚያው ምዕራፍ ላይ ሌላ ትእዛዝ አለ፤ አበዳሪው መያዣ ሊቀበል ሲሄድ ወደ ባለዕዳው ቤት አይገባም። ደጅ ይቆማል፤ ባለዕዳው ራሱ ያወጣለታል። የገንዘቡ ባለቤት ቢሆንም የሰውየው ቤት ባለቤት አይደለም። ብድር ለማስመለስ ቤት ለቤት ስንዞር ይህ ትእዛዝ ስንት ጊዜ ትዝ እንዳለኝ! ልጆች በሚያዩበት፣ ጎረቤት በሚሰማበት ድምፅ የሚጠየቅ ዕዳ አይቻለሁ። ብሩ ትክክል ነው፣ ቀኑ ትክክል ነው፣ ደረሰኙ ትክክል ነው፤ ነገር ግን እግራችን ከደጁ አልፎ ገብቷል።

ታዲያ ምሕረት ከየት ይምጣ? ነህምያ ምዕራፍ 5ን የዚያን ዓመት ደጋግሜ አነበብኩት። ሕዝቡ በረሃብ ምክንያት እርሻውን፣ ወይኑንና ቤቱን አስይዞ እህል ተበድሯል፤ ለንጉሡም ግብር የተበደረ አለ፤ ልጆቻቸው ለባርነት ሊሰጡ ደርሰዋል። ነህምያ አገረ ገዥ ነው፤ ማኅተም በእጁ ነው፤ የዕዳውን መዝገብ በሌሊት አስመጥቶ ሊያቃጥለው ይችል ነበር። አላደረገውም። አበዳሪዎቹን ገሠጻቸው፣ ታላቅ ጉባኤ ሰበሰበባቸው፤ እዚያ ሁሉ ሰው ፊትም እርሱ ራሱና ወንድሞቹ እንደ አበደሩ ተናገረ። «ተዉ» ሲላቸው የራሱንም እየተወ ነበር። የዕዳው ባለቤቶች እዚያው ቆመው፣ አውቀው፣ አዎን ብለው ነው የመለሱት። ይባስ ብሎ 12 ዓመት ሙሉ ለገዥ የሚገባውን ቀለብ አልወሰደም። ነህምያ የሰውን ዕዳ ከመማሩ በፊት የራሱን ሒሳብ ከፍቷል።

ስለ ዩኑስ ኪስ ልብ በሉልኝ ያልኩትም ለዚህ ነው። ከእርሱ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ በጀርመን አገር ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ራይፋይዘን የሚባል አጥባቂ ክርስቲያን ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1846 እና 1847 የረሃብ ክረምት የአንዲት ትንሽ አካባቢ ከንቲባ ሆኖ ሳለ፣ ባለጠጎችን አስተባብሮ ለድሆች በዱቤ እንጀራ የሚሰጥ ማኅበር አቋቋመ። ሥራው መልካም ነበር፤ ግን የባለጠጎቹ ፈቃድ እስከቆየ ድረስ ብቻ የሚቆም ነበር። ከብዙ ልፋት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1864 ሄደስዶርፍ በምትባል ቦታ ተበዳሪዎቹ ራሳቸው አባል የሆኑበትን፣ ለማኅበሩ ዕዳ አንዱ ለሌላው የሚጠየቅበትን የብድር ማኅበር መሠረተ። የዛሬ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዚያ ዘር ብዙ ወስደዋል። ራይፋይዘን በሰው ገንዘብ መራራትን ትቶ፣ የሚራራውና የሚከፍለው አንድ ሰው እንዲሆን አደረገ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከማንጎዋ ሥር ያየሁት ይህንኑ ነው። አራቱ ሴቶች 45 ብር ሲያወጡ ምሕረቱ ዋጋ አገኘ። ቅቤ ነጋዴዋ ልቧ ገና አልከፈለም ማለቷም አላስቀየመኝም። ዋጋውን የምታውቅ እርሷ ናት፤ ለእኛ ለተመልካቾቹ ቀላል ነበር።

እዚህ ላይ የጋሞ ሽማግሌዎችን ሳልጠቅስ ባልፍ የአገሬ ሰው ይታዘበኛል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገድለውና ተፈናቅለው ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ፣ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ታሪኩን ሁላችን እንኮራበታለን፤ ግን አንድ ነገር ብዙ ጊዜ አይነገርም። ሽማግሌዎቹ «እኛ ይቅር ብለናል፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ» አላሉም። ወንድሙ የተገደለበትን ልጅ ቁጣ በእርሱ ፈንታ ሊተዉለት ሥልጣን እንደሌላቸው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ለመኑት። የተንበረከከ ሰው የሚለምነውን ነገር ባለቤት አድርጎ ያያል። ደግሞም የሞቱት የእነርሱም ልጆች ነበሩና ልመናው ከራሳቸው ሐዘን ላይ የተነሣ ነበር። ጋሞ ነገሩን ዱቡሻ ላይ፣ በአደባባይ፣ ሁሉ እየሰማ የሚጨርስ ሕዝብ ነው። በባህላችን ውስጥ ከወንጌል ጋር የማይስማማ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ይህን ግን ነህምያ ቢያየው ቤቱ ያለ ይመስለው ነበር።

በቤተ ክርስቲያን «በነጻ ተማርን» ብለን እንዘምራለን። ለእኛ በነጻ ነው። ለከፈለው ግን በነጻ አልነበረም። የመስቀሉን ነገር ሳስብ ጌታ የእኛን ዕዳ በሌላ ሰው ሒሳብ ላይ እንዳልጻፈው፣ ቀኑንም ወደ ኋላ እንዳልመለሰው ይታየኛል። ዕዳው እንዳለ ተነበበ፤ የተበደለውም ከፈለው። የሉቃስ 16 መጋቢ ለብልሃቱ ተመሰገነ፤ ዓመፀኛ የሚለው ስሙ ግን አልተነሣለትም። ይህ ልዩነት አንድ ዓመት ሙሉ ደረሰኝ ስደረድር ነው የገባኝ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር አልፈታሁም፤ አንባቢም እንድትረዳኝ እፈልጋለሁ። ጋሼ ቀኑን ወደ ኋላ ቢጽፉላት ኖሮ የእናትየዋ ገመና አይወጣም ነበር። በአደባባይ የተደረገው ምሕረት እውነተኛ ነው፤ ግን ፊቷን አስከፈላት። ከማንጎዋ ሥር ስትነሣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ስትመጣ ከእኔ መስኮት ርቃ ትቆማለች፤ ምንም ባላደርጋትም ሰምቻታለሁና። ጋሼ በኋላ «አየሽ፣ እኔ የፈራሁት ይህን ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እርሳቸው ሊያድኑት የፈለጉት 180 ብሩን ሳይሆን ፊቷን ነበር። ለሽማግሌው ገንዘብ ብርሃን ይሻለዋል፤ ለእናትየዋ ፊት ጨለማ ይሻለዋል። ሁለቱን በአንድ ቀን እንዴት ማድረግ ይቻላል?

ወደ ወጣቶች ኅብረታችን ስመለስ የኮንፈረንስ መዋጮ ገንዘብ ያዥ አድርገው መረጡኝ፤ ሒሳብ የተማረ ሰው ከዚህ አያመልጥም። መዋጮው በነፍስ ወከፍ 300 ብር ነው፤ የማይችሉ ልጆች አሉ። ከእኔ በፊት የነበረው ወንድም ልቡ ሩኅሩኅ ስለነበር የማይችለውን ዝም ብሎ «ከፍሏል» ብሎ ይጽፍ ነበር። ማንም አያፍርም፤ ነገር ግን ሁልጊዜ በመጨረሻው ቀን ምሳ ያጥራል፣ ለምን እንዳጠረ የሚያውቅ የለም፣ ወጥ ቤት የሚያገለግሉት እህቶች ይወቀሳሉ። ጉዳዩን ለኮሚቴው አቀረብኩ። ክርክሩ ሁለት እሑድ ፈጀ። አንዱ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን እንዳልያዘ፣ ከሌሎች ወንድሞች ጋር አድርጎ በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እንዳሰበ አስታወሰን። ሌላዋ ደግሞ «የድሃ ልጅ ስም በኮሚቴ ፊት ከሚነበብ ምሳ ቢያጥር ይሻላል» ብላ ተነሥታ ወጣች፤ ተመልሳም ገባች።

በመጨረሻ የተስማማነው ይህ ነው። ያልቻለ ሰው ለሁለት ሰዎች ብቻ ይነግራል፤ ለእኔና ለአንድ ሽማግሌ። በመዝገቡ ላይ «አልከፈለም» ተብሎ ይጻፋል፤ ስሙ ግን በእኛ ዘንድ ይቀራል። ለኅብረቱ የሚነበበው የሰዎቹ ቁጥርና የብሩ ድምር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጉድለቱን የሚሞላ የሚፈልግ ይሙላ እንላለን። ያቺ ተነሥታ የወጣችው እህት አሁንም አልተስማማችም፤ ሁለት ሰውም ቢሆን ብዙ ነው ትላለች። ባለፈው ኮንፈረንስ ስድስት ሰዎች ነበሩ፣ 1,800 ብር። ተነበበ፤ 1,450 ብር ተሞላ፤ 350 ብሩ በዚህ ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ አሁንም ጉድለት ተብሎ ተጽፏል።